ክራቫት ያሰረው ሰው

በ፳፻፲፮ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ፰ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ፀሐይ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ማዘንበል ስትጀምር፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ የተሰቀለው የዘመን መለወጫ ጌጥ ገና አልወረደም ነበር፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቁ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ተወጥሮ ይርገበገባል፤ ከሥሩ ታክሲ ነጂውም፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውም፣ ፈረቃዋን ጨርሳ የምትመለሰው አስታማሚም በየፊናቸው ያልፋሉ። ከጎዳናው ጥቂት ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ውስጥ ሲስተር ፋና ወልደ ሩፋኤል ከባሕር ማዶ የመጣች እንግዳ ፊት ለፊቷ አስቀምጣለች፤ በመካከላቸው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ትልቅ ፖስታ ለመክፈት ግን እጇ እምቢ ብሏት ነበር።

ሲስተር ፋና በዚያ ወራት ስድሳ ዓመት ሞልቷታል። በሳንታ ሞኒካ በአንድ የአረጋውያን ማስታመሚያ ቤት ነርስ ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያንም ዘንድ ቃሏ የሚከበር፣ ሙሽራ የምታለብስ፣ ሐዘንተኛ የምታጽናና ሴት ነበረች። ባሏ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አንዲት ልጇ አቢጌል አምሃ የተባለ እጮኛዋን መስከረም ፳ እሑድ ልታገባ ቀን ተቆርጧል፤ በሟቹ አባት ወንበር ተቀምጠው ሙሽራዪቱን የሚመርቁትም ጋሼ ፍሬው እንዲሆኑ ከተወሰነ ቆይቷል። ጋሼ ፍሬው የሰፈሩ ሽማግሌ፣ የዚህ ቤት ደግሞ ዘመድ ያህል ነበሩ።

እንግዳዋ ኡልሪከ ትባላለች፤ የሬናተ ልጅ ናት። ሬናተ ማን እንደ ነበረች ለመናገር አርባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ደርግ በሥልጣን ላይ በነበረበት ዘመን፣ የኢትዮጵያና የምሥራቅ ጀርመን መንግሥታት በሶሻሊዝም ወንድማማችነት ተሳስረው ሳለ፣ በርካታ ወጣቶች ለትምህርት ወደዚያ አገር ተልከው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ፋና በሮስቶክ ከተማ ነርስነት፣ እጮኛዋ ካሣዬ ደግሞ የመርከብ ግንባታ ይማሩ ነበር። ሬናተ የፋና አስተማሪ ነበረች፤ ውላ አድራም ታላቅ እህቷን የምትተካ ሆነች። በዚያ አገር ሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ በሚሆነው በጋቸው ወደ ባልቲክ ባሕር ዳርቻ ወርዶ፣ ልብሱን አውልቆ እንደ ተፈጠረ ይዋኝ ነበር፤ «የነፃ ገላ ባህል» ይሉታል። ሐኪሙና የጭነት መኪና ነጂው፣ የፓርቲው ሹምና የዳቦ ጋጋሪው ሚስት በአንድ አሸዋ ላይ ይውላሉ፤ እርቃን መሆን ነውር አልነበረም፤ ነውሩ አተኩሮ ማየት ነበር። ፋና መጀመሪያ ያየች ዕለት ፊቷን በሻሿ ሸፍና ሮጣ ተመልሳለች። በሁለተኛው በጋ፣ በሐምሌ ፲፱፻፸፮፣ ሬናተ «በየቀኑ የምታጥቢው የበሽተኛ ገላ ካላስፈራሽ፣ የራስሽ ምን አድርጎሽ ነው?» ብላ እጇን ይዛ ወደ ውኃው አስገባቻት። ካሣዬ ግን ቁምጣዬን አላወልቅም ብሎ ሁሉንም አሳቀ።

በዚያች ቀን ካሣዬ ውኃው ውስጥ እንደ ቆመ በጀርመንኛ ጮክ ብሎ «ሬናተ፣ ከዚህ ዴንማርክ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?» አለ። «አርባ አምስት ያህል» አለችው። «ታዲያ ቁርሴን በደንብ ከበላሁ ለምሳ እዚያ ነኛ!» አለ፤ ተሳሳቁ። የሬናተ ባል ዲተር ከባሕሩ ዳር ሆኖ ፎቶ አነሣቸው።

አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ጥቂት ቀን ሲቀረው ካሣዬ ለስብሰባ ትፈለጋለህ ተብሎ ተጠራ፤ በዚያው በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት ተላከ፤ ክሱ በባሕር ወደ ዴንማርክ ሊኮበልል አሢሯል የሚል ነበር። ከእስር ቤት አልወጣም፤ ሬሳውም ለቤተሰቡ አልተሰጠም። ፋና ቀልዱን የሰሙትን ሰዎች ቆጠረች፤ ከእርሷ በቀር ሬናተና ዲተር ብቻ ነበሩ። ጎረቤት ጎረቤቱን በሚጠቁምበት አገር ሌላ ሰው መጠርጠር አልታያትም፤ ከሬናተ ጋር ሳትሰናበት ተለያየች። በኋላም አሜሪካ ድረስ አድራሻዋን አፈላልጋ ሬናተ የጻፈችላትን ደብዳቤ ሁሉ ሳትከፍት ጣለች። ሬናተም በ፳፻፲፫ ዓመተ ምሕረት አረፈች።

ኡልሪከ የመጣችው በዚያ ባሕር ዳርቻ እርቃናቸውን የሚዋኙ ሰዎች ያቋቋሙትን ማኅበር ወክላ ነው፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ናት። ሁለቱ የሚነጋገሩት ፋና ባልረሳችው ጀርመንኛ ነበር።

«ዛሬስ ሰዉ እንደ ድሮው ይዋኛል?» አለች ፋና፤ ፖስታውን ላለመንካት ያህል።

«ይዋኛል፤ ግን አረጀን» አለች ኡልሪከ። «ወጣቶቹ የዋና ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። አባቴ በእርስዎ ጊዜ ለብሶ የመጣውን ‹ወይ አውልቅ፣ ወይ ሂድ› ይል ነበር፣ ከካሣዬ በቀር፤ እኛ ያንን ትተናል፤ ማውለቁም መልበሱም የየራሱ ፈቃድ ነው። እኔ በልጅነቴ ሆዴ ይታይ አይታይ ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ የእኔ ልጅ ግን በስልኳ ከምታየው ገላ ጋር ራሷን ስታስተያይ ትውላለች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ካሜራው ነው። አምና አንዲት አባላችን ሳታውቅ ተቀርጻ ምስሏ በኢንተርኔት ዞረ፤ ከሥራዋ ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ የሚገባ ሰው ሁሉ የስልኩ ካሜራ ላይ ተለጣፊ ይደረግበታል።»

«ታዲያ እኔን ምን ፈለጋችሁኝ?»

«የዳርቻውን ታሪክ በመጽሐፍና በዐውደ ርእይ ልናወጣ ነው። በፎቶዎቹ ላይ ተጣላን። ሽማግሌዎቹ ‹ያኔ ማን ፈቃድ ጠየቀ? ማንስ አፈረ?› አሉ፤ ወጣቶቹ ‹ያኔ ያላፈረ ዛሬ ሊጎዳ ይችላል› አሉ። በመጨረሻ ወጣቶቹ አሸነፉ። ፊቱ የሚለይ ሰው ሁሉ፣ እርቃኑንም ይሁን ለብሶ፣ ካልፈረመ ፊቱ ይሸፈናል፤ የሞተ ከሆነ ቤተሰቡ ይጠየቃል። ለእርስዎ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። አልመለሱልኝም።»

ፋና ፖስታውን ከፈተችው።

ሬናተ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታለች፤ የሃያ ዓመቷ ፋና ጀርባዋን አዙራ፣ ከትከሻዋ በላይ ዘወር ብላ ትስቃለች፤ ካሣዬ በቁምጣው፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። ፋና ስለ ራሷ ገላ ምንም አላሰበችም፤ ያየችው የእርሱን ጥርስ ነበር። ከመርማሪዎች ፍተሻ በፊት ፎቶዎቹን ሁሉ አቃጥላ ስለ ነበር መልኩን ካየች ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና አቢጌል የሙሽራ ልብሷን በክንዷ ታቅፋ ገባች። እንግዳዋን ሰላም አለች፤ ጠረጴዛውን አየች፤ ደነገጠች።

«ማሚ! ይሄ አንቺ ነሽ? ያለ ልብስ?»

«እኔ ነኝ። በመጽሐፍ እናውጣው ይሉኛል።»

«ኦ ማይ ጋድ። መጽሐፍ ላይ ሊወጣ? ማሚ፣ ሠርጌ እኮ ቱ ዊክስ እንኳ አልቀረውም! የአምሃ ቤተሰብ ቢያይስ? አንድ ሰው ፖስት ቢያደርገው እኮ በቃ፣ ፌርፋክስ በሙሉ ያየዋል!»

ኡልሪከ አማርኛውን ባትሰማም ነገሩ ገብቷት ይመስላል፤ ከቦርሳዋ ሌላ ምስል አወጣች።

«አንድ የቀረ ጥያቄ አለ» አለች። «ፎቶው በኮምፒውተር ሲጎላ ከኋላ ካለው የአሸዋ ክምር ላይ አንድ ሰው ተገኘ። ፊቱ በደንብ ይለያል። አባቴ ዲተር ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግን ያስታውሰዋል፤ ‹ለብሶ ቁጭ ብሎ ስላየሁት ሄጄ አውልቅ ወይም ሂድ አልሁት፤ ተነሥቶ ሄደ፤ የካሣዬ ዓይን አፋር ጓደኛ መስሎኝ ለማንም አላነሣሁትም› ይላል። ያውቁታል?»

በምስሉ ላይ አንድ ጥቁር ወጣት፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራቫቱን እስከ አንገቱ አጥብቆ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በሣሩ መካከል ተቀምጧል። ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው። ፋና አየችው፤ አወቀችው፤ ዓይኗን ግን አላመነችም። ጋሼ ፍሬው የተማሩት ላይፕዚግ ነበር፤ «ሮስቶክን በካርታ እንጂ በዓይኔ አላየሁም» ሲሉ ሠላሳ ዓመት ሰምታቸዋለች።

አቢጌል ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ አለች። «ዌይት» አለች፤ «ይሄ ጋሼ ፍሬው አይደሉም እንዴ? ሉክ፣ ጠባሳውን! ደግሞ ሁሉም ራቁቱን ሆኖ እሳቸው በክራቫት!» ብላ ልትስቅ ጀምራ፣ የእናቷን ፊት አይታ ሳቋን አቋረጠች።

በማግሥቱ ረቡዕ ረፋድ ላይ ሲስተር ፋና ፈረቃዋን አስቀይራ ወደ አቶ ፍሬው ቢሮ ሄደች። አቶ ፍሬው በፌርፋክስ ላይ የትርጉምና የጉዳይ ማስፈጸሚያ ቢሮ ነበራቸው፤ የስደተኛውን ሁሉ ማመልከቻ የጻፉ፣ የልደት ወረቀቱን የተረጎሙ፣ ፍርድ ቤት አብረው የቆሙ ሰው ነበሩ። የፋናንም የጥገኝነት ማመልከቻ የጻፉት እርሳቸው ናቸው፤ «እጮኛዬ በእስር ቤት ጠፋ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በገዛ እጃቸው አስፍረውታል።

«ነይ እስቲ፣ የሙሽራ እናት!» አሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ሱፌን ትናንት ከግሌንዴል አመጣሁት። እጅጌው ትንሽ ረዝሞ ነበር፤ አሳጠሩልኝ።»

ፋና አልተቀመጠችም። የጎላውን ምስል ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች። አቶ ፍሬው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጎንበስ አሉ፤ እንዳጎነበሱ ቆዩ።

«ጋሼ ፍሬው፣ ሮስቶክን አላየሁም ይሉኝ ነበር።»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ይህ ማን ነው?»

«ሰው ከሰው ይመሳሰላል፣ ፋና። ለፈረንጅ ደግሞ ጥቁር ሁሉ አንድ ነው።»

«የለየዎት ፈረንጅ አይደለም። አቢጌል ናት።»

አቶ ፍሬው መነጽራቸውን አወለቁ። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ «ዝግ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ወደ ውጭ ገለበጡት፤ ቁልፉንም አዞሩት።

«በሩን ለምን ቆለፉት?»

«ሰው እንዳይገባ። ተቀመጪና በእርጋታ—»

«ይክፈቱት።»

«ፋና፣ ድምፅሽን—»

«ክፈተው አልኩህ!»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንተ ብላቸው አታውቅም። አቶ ፍሬው ቁልፉን መለሱት፤ በሩ ገርበብ ብሎ ተከፈተ፤ የጎዳናው ድምፅ ገባ። ከዚያ በኋላ እንደ ባለጉዳይ፣ በባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የተማሪዎች ኮሚቴ ካድሬ ነበርሁ» አሉ። «‹የሮስቶክ ልጆች ከነጭ ጋር እርቃናቸውን ይውላሉ፤ አጣርተህ ጻፍ› ተባልሁ። ከስብሰባ ወጥቼ በቀጥታ ባቡር ተሳፈርሁ፤ ክራቫቴን እንኳ አልፈታሁም። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አየኋችሁ። ጽሑፉን ስጀምር የምጽፈው አጣሁ። ዋኙ፣ ሳቁ፣ ዳቦ በሉ። ባዶ ሪፖርት ይዤ ብመለስ እኔን ይጠረጥሩኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የዴንማርኩን ነገር ጨመርሁበት።»

«ቀልድ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

አቶ ፍሬው ምስሉን በጣታቸው ገለበጡት።

«ሁላችሁም ስትስቁ ሰምቻለሁ» አሉ።

ፋና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«እንደሚገድሉት አላወቅሁም» አሉ አቶ ፍሬው። «ቢበዛ ከትምህርቱ ያስቀሩታል ብዬ ነበር። አንቺን አልጠቀስሁም፤ ስምሽን ከጽሑፉ አውጥቼዋለሁ። እዚህም ከመጣሽ ጀምሮ፣ ወረቀቱን፣ ሥራውን፣ የልጅሽን ትምህርት ቤት... ምን ያጎደልሁብሽ ነገር አለ? ይህን ሁሉ ዓመት ስክስሽ ኖሬያለሁ።»

«ካሣዬንስ በምን ካስኸው?» አለች። «ሬናተንስ? ያቺ ሴት እስክትሞት ድረስ ጽፋልኛለች። አንድ ደብዳቤዋን አልከፈትሁም። እርሷን እንደምጠረጥር አንተ ታውቅ ነበር፤ እዚሁ ወንበር ላይ ሳለቅስ ‹የጀርመን ነገር ይኸው ነው፣ እርሺው› እያልህ መሐረብ ሰጥተኸኛል።»

ፋና ኡልሪከ የሰጠቻትን የፈቃድ ቅጽ አውጥታ በፊታቸው አኖረች። አቶ ፍሬው ቅጽ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸውና ከላይ እስከ ታች፣ ጥቃቅኑን ጽሑፍ ሳይቀር አነበቡት፤ በዚያን ጊዜ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ሆነ።

«ካልፈረምሁ ፊቴ ይሸፈናል ይላል።»

«ይላል።»

«ደንቡ ለሁሉም ነው፤ ለለበሰም ላልለበሰም።»

«ለሁሉም ነው።»

«እንግዲያው አልፈርምም» ብለው ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ወደ እርሷ ገፉት። «ለአቢጌልስ ምን ልትያት ነው? ሠርጉ እኮ—»

«የሆነውን» አለችና ወጣች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ፋና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። አቢጌል እናቷ ከአባቷ በፊት እጮኛ እንደ ነበራት እንኳ አታውቅም ነበር፤ አለቀሰች፤ ተቆጣች፤ ጋሼ ፍሬው ዘንድ ሄጄ እጮህባቸዋለሁ ብላ የመኪናዋን ቁልፍ አንሥታ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። ኋላም «ሶ፣ ሠርጌ ላይ አይመጣም» አለች፤ ጥቂት ቆይታ ግን «ባት ማሚ፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ?» ስትል ጠየቀች።

«አንቺ ካፈርሽብኝ እስከ ሠርጉ ማግሥት አቆየዋለሁ» አለች ፋና። «ግን እፈርማለሁ። ሬናተ ከጎኔ ቆማለች፤ እኔ ብሸፈን እርሷን ሁለተኛ የካድኋት ይመስለኛል። ካሣዬ ያለበት ሌላ ምስል ደግሞ በዓለም ላይ የለም።»

አቢጌል ፎቶውን ሳበችና አየችው፤ አሁን የምታየው የእናቷን ትከሻ ነበር። «ቆንጆ ነበርሽ» አለች በዝግታ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቢች ላይ ፎጣ ሳልደርብ አልቆምም። ፈርሚው። አምሃን እኔ አናግረዋለሁ።»

የቀረው የካሣዬ ፈቃድ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቱ ሠናይት ብቻ በሕይወት ነበረች። ፋና ደወለችላት፤ ነገሩን እስክታስረዳ ብዙ ፈጀባት።

«እትዬ ፋና» አለች ሠናይት በመጨረሻ፤ «ለብሷል?»

«ቁምጣ ለብሷል።»

«ፊቱ ይታያል?»

«ይታያል። ይስቃል።»

«እንግዲያው ይውጣ» አለች ሠናይት። «እናታችን እንደ ወጣ ቀረ ስትል ነው የሞተችው። አንድ ቦታ ላይ ይገኝ።»

መስከረም ፳ እሑድ ቀን ሠርጉ ተሠራ። በአባት ወንበር ላይ ፋና ራሷ ተቀመጠች፤ ልጇንም ራሷ መረቀች። የሰፈሩ ሰው ዓይኑን ወደ ባዶው የሽማግሌ ስፍራ እየወረወረ ሹክ ይል ነበር፤ አንዲት ወይዘሮም «ጋሼ ፍሬው አሟቸው ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ፋና «አልተጠሩም» አለች፤ ወይዘሮዋ ምክንያቱን ብትጠብቅም አልጨመረችላትም። ነገሩን በአደባባይ ያላወጣችው ስለ ራራችላቸው አይደለም፤ ልጇ በሠርጓ ቀን የሌላ ሰው ወሬ እንዳትሆን ፈልጋ ነው። በኋላ የጠየቋትን ሁሉ በግልጽ ነግራቸዋለች፤ ግማሹ አመናት፤ ግማሹ ግን ጋሼ ፍሬው ማመልከቻ የጻፉለት ሰው ነበርና «የድሮ ነገር ምን ያደርጋል» አለ።

በተከታዩ በጋ የዳርቻው ማኅበር ዐውደ ርእዩን ከፈተ፤ መጽሐፉም ታተመ። እንደ ኡልሪከ አባባል የገባው ሰው ከታሰበው በላይ ነበር፤ ወጣቶች በብዛት መጥተዋል፤ የስልካቸውን ካሜራ በሩ ላይ አስለጥፈው፣ የአያቶቻቸውን እርቃን ያለ ሳቅ ተመልክተዋል፤ አንዳንዶቹም በማግሥቱ ወደ ባሕሩ ወርደዋል፤ ገሚሱ አውልቆ፣ ገሚሱ ለብሶ። ሽማግሌው ዲተር ያችን ፎቶ ፊት ለፊት ወንበር አስደርጎ እስኪዘጋ ድረስ ይቀመጥ ነበር። ከምስሉ ሥር የሬናተ፣ የፋናና የካሣዬ ስም ከነአባታቸው ተጽፏል፤ የካሣዬ ስም በማንኛውም ኅትመት ላይ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ በእስር ቤት መዝገብም ሆነ በሰማዕታት ዝርዝር ውስጥ አልተገኘም። ከኋላ፣ በአሸዋው ክምር ላይ፣ ትንሹን ሰው ከነልብሱ የሸፈነ ግራጫ ነጥብ አለ። ግርጌው ላይ «ስሙ እንዲጠቀስ ያልፈቀደ ሰው» ይላል፤ ጎብኚዎችም ብዙውን ጊዜ ያ የተሸፈነው ሰው እርቃኑን የነበረ ይመስላቸዋል።

በዚያው ዓመት በፌርፋክስ የሚኖሩ ወገኖች ለአቶ ፍሬው ለረጅም ዘመን የሕዝብ አገልግሎታቸው የምስጋና ወረቀት ሰጥተዋቸዋል፤ በአዳራሹም ብዙ ሰው ተነሥቶ አጨብጭቧል። ሲስተር ፋና በዚያ ሰዓት ሳንታ ሞኒካ ሥራ ላይ ነበረች፤ የአንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ገላ እያጠበች።